የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሞተሩን ልፍታው ወይስ ልቆይ?

በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ። ሦስቱም ስለ ቆየ መኪና ናቸው። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ጠያቂው ቁልፍ ይዞ መኪናው ሥር ሊገባ ተዘጋጅቷልና ሳይጀምር ልድረስበት።

ጥያቄ፦ በ1974 እ.ኤ.አ. የተሠራች ቮልስ አለችኝ፣ ቢትል የምትባለዋ። ሞተሯ 1600 ነው። ከአባቴ የተረፈችኝ ናት፤ ለብዙ ዓመት ቆማ ነበር። ባትሪ ቀይሬ፣ አሮጌውን ቤንዚን አውጥቼ አስነሳኋት። ትነሳለች፤ ግን ሰማያዊ ጭስ ታወጣለች። ስትሞቅ ደግሞ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) የዘይት መብራቷ ብልጭ ድርግም ይላል። ጓደኞቼ ፒስተንና ሲሊንደር ቀይር አሉኝና ሙሉውን ገዛሁ። ራሴ ፈትቼ ልገጥም ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቁልፉን አስቀምጠው። የጻፍክልኝ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ጓደኞችህ የመለሱልህ ለአንዱ ብቻ ነው።

ሰማያዊ ጭስ ማለት ዘይት እየተቃጠለ ነው። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቆ ሊሆን ይችላል፣ የቫልቭ መሄጃው ሰፍቶም ሊሆን ይችላል። የዘይት መብራቱ ግን ስለ ፒስተን አያወራም። የሚያወራው ስለ ታችኛው ክፍል ነው፤ ስለ ብሮንዚኖቹ (ዋናውን ዘንግ፣ ክራንክሻፍቱን፣ የሚሸከሙት ብረቶች)፣ ስለ ዘይት ፓምፑ፣ ስለ ብሎኩ። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ብሮንዚኑ ካለቀ በሰፋው ክፍተት በኩል በቀላሉ ያመልጣል፣ ግፊቱም ይወርዳል። አዲሱን ፒስተን በዚህ ላይ ብትገጥመው ጭሱ ይጠፋ ይሆናል፤ ነገር ግን አዲሱ ፒስተን የሚፈጥረው ኃይል በደከመ ብሮንዚን ላይ ነው የሚያርፈው። ያኔ ሞተሩ እንደገና ይወርዳል።

ከመፍታትህ በፊት ቀላል ቀላሉን አጥራ። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ምዘዘውና አሽትተው። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተህ የቤንዚን ፓምፑ ውስጥ ያለው ስስ ጎማ ተቀዶ ቤንዚን ወደ ዘይቱ እየገባ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ዘይት እንደ ውሃ ነው፤ ምንም ግፊት አይይዝም። ለብዙ ዓመት በቆመች መኪና ላይ ይሄ በጣም የተለመደ ነው። ከዚያ የመብራቱን ስዊች አውጥተህ በቦታው በእጅ የሚያዝ የዘይት ግፊት መለኪያ ግጠምና ሞተሩ ሞቆ እያለ አንብበው። ስዊቹ ራሱ ተበላሽቶ ሰው የሚያስደነግጥበት ጊዜ አለ። ከብሎኩ ሥር ደግሞ የግፊት መልቀቂያ ፒስተን አለ፤ በቆመ ሞተር ውስጥ በደረቀ ዘይት ተጣብቆ ክፍት ሊቀር ይችላል። ትልቁን ቡሎን ፍታው፣ ስፕሪንጉንና ፒስተኑን አውጣው፣ እጠበው፣ በጣትህ ስትገፋው ሸርተት ብሎ መሄድ አለበት።

እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው መብራቱ ብልጭ ማለቱን ከቀጠለ ያን ጊዜ ክራንክሻፍቱን ጠይቀው። ከኋላ ያለውን ፑሊ በሁለት እጅህ ይዘህ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፋው፣ ሳበው። ቶክ ቶክ የሚል ድምፅ ከሰማህ ክፍተቱ በዝቷል። በዳያል መለኪያ ስትለካው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ 0.15 ከደረሰ አልቋል። የዚህ ሞተር ብሎክ ማግኒዥየም ቅይጥ ነው፣ ለስላሳ ነው፤ ክራንክሻፍቱ ዓመት ሙሉ ሲደበድበው የብሮንዚኑ መቀመጫ እየሰፋ ይሄዳል። መቀመጫው ሲሰፋ አዲስ ብሮንዚን ብቻ መቀየር አይበቃም። ብሎኩ ማሽን ላይ ወጥቶ መስመሩን ጠብቆ መቦርቦር፣ ከውጭ ወፈር ያለ ብሮንዚንም መግጠም የግድ ይሆናል።

ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) መለካት እንዳትረሳ። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ (እሳት ሰጪው) ወጥቶ፣ የኮይሉ ገመድ ተነቅሎ፣ የቤንዚን ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ተረግጦ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ትንሽ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሮ እንደገና ይለካል፤ ግፊቱ ከጨመረ ፋሻው ነው፣ ካልጨመረ ቫልቩ ነው ይላል። ሲሊንደሩ ቆሞ ለሚሠራ ሞተር ጥሩ ዘዴ ነው። የቮልስ ሲሊንደር ግን የተኛ ስለሆነ ዘይቱ ታች በኩል ይተኛል እንጂ ፋሻውን ዙሪያውን አይሸፍነውም፤ ውጤቱም ያሳስትሃል። የሚሻለው በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ማስገባትና ጆሮ መስጠት ነው። አየሩ በካርቡሬተር ከወጣ የማስገቢያው ቫልቭ ነው፣ በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) ከወጣ የማስወጫው ነው፣ በዘይት መሙያው ከተነፈሰ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው። ይህን ስታደርግ ፒስተኑ ከላይ መድረሻው ላይ፣ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው መሆን አለባቸው።

ሦስተኛውን ሲሊንደር በተለይ አጥብቀህ እየው። የቀድሞዎቹ ሞተሮች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩን ቀድሞ ያሞቅበት ስለነበር ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል። ያንተ ዘመን ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ማቀዝቀዣው ከዋናው የአየር መንገድ ወጥቷል፣ ግን ባለፉት ዓመታት ማን ምን እንደቀየረ አይታወቅም፤ ከፍተህ አረጋግጥ። የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ በርዶ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ የማስወጫ ቫልቭ አስተካክለኸው በየጊዜው ክፍተቱ እየጠበበ ከሄደ ቫልቩ እየተሳበ ወይም መቀመጫው እየሰመጠ ነው። ጭንቅላቱ ተቆርጦ ፒስተኑን ከመብሳቱ በፊት ቀይረው።

እንግዲህ መፍታቱ ግድ ከሆነ፦

ሞተሩን ከማውረድህ በፊት ፎቶ አንሳ። በጣም ብዙ ፎቶ። እያንዳንዱን ሽቦ በወረቀት ቴፕ ምልክት አድርግበት። ቡሎኖቹን በየቦታቸው በተለያየ ከረጢት አስቀምጥ፣ ላዩ ላይም ጻፍበት። ባትሪውን ንቀል፣ የቤንዚን መስመሩን ድፈን፤ ቤንዚን እየፈሰሰ ማንም ሰው መኪና ሥር መግባት የለበትም። ሞተሩ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የተያዘው በአራት ቦታ ብቻ ነው፣ ክብደቱ ግን ከ100 ኪሎ በላይ ነው፤ ስለዚህ ብቻህን አታውርደው። ቮላኖውን (ክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለውን ከባድ ክብ ብረት) የያዘውን ትልቁን 36 ቁጥር ዳዶ ብሎኩን ሳትከፍት ፍታው። ያ ዳዶ ወደ 300 ኒውተን ሜትር የሚጠጋ ጥብቀት አለው፤ ብሎኩ ከተከፈተ በኋላ ልፍታህ ብትለው እንቢ ነው የሚልህ።

ብሎኩ እንደ መጽሐፍ ለሁለት ይከፈታል። ክራንክሻፍቱ ሲወጣ በማይክሮሜትር ለካው። የዋናው ብሮንዚን ማረፊያ 55 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከፑሊው በኩል ያለው አራተኛው ብቻ 40 ነው። ካለቀ ይሞረዳል፤ ብሮንዚኑም ከ0.25 ሚሊ ሜትር ጀምሮ በሩብ በሩብ ይወፍራል። ብሮንዚን የምትገዛው ከዚህ ልኬት በኋላ ነው። ፒስተኖቹን ቀድመህ መግዛትህ ጥፋት አይደለም፤ ግን እነሱንም ለካቸው። አራቱን ፒስተን መዝናቸውና በመካከላቸው ከ10 ግራም በላይ ልዩነት ካለ ሻጩ ይቀይርልህ። የእያንዳንዱን ፋሻ ጫፍ ክፍተት ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብተህ ለካ፤ የላይኞቹ ሁለቱ ከ0.30 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር ይሁኑ። ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) ደግሞ በደንብ አጽድተህ ከቫልቭ መቀመጫው እስከ ካንዴላው ቀዳዳ ያለውን ቦታ በአጉሊ መነጽር እየው። ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ስትገጥም ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ጥርስ ላይ ያለችው ምልክት ክራንክሻፍቱ ጥርስ ላይ ባሉት ሁለት ነጥቦች መካከል መግባት አለባት። አንድ ጥርስ ብትስት ሞተሩ በደንብ አይሠራም። የፒስተኑ ቀስት ወደ ቮላኖው ይመልከት። የብሮንዚኖቹ ቀዳዳ ደግሞ ብሎኩ ላይ ባሉት ትንንሽ ፒኖች ላይ በትክክል መቀመጡን በጣትህ ዳስሰህ አረጋግጥ። ይህን አጥብቄ የምነግርህ ስለደረሰብኝ ነው። በመጀመሪያ ሞተሬ ላይ ቸኩዬ አንዱ ብሮንዚን ፒኑ ላይ ሳይቀመጥ ብሎኩን አጠበቅኩት። ክራንክሻፍቱ ቀጥ አለ። ስከፍተው አዲሱ ብሮንዚን በፒኑ ተቦድሶ ነበር። ሙሉውን እንደገና መግዛት ነበረብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ዳዶ ባጠበቅኩ ቁጥር ክራንክሻፍቱን በእጄ አዞረዋለሁ፤ ከከበደኝ እዚያው አቆማለሁ። አንተም እንደዚያ አድርግ።

ቴስታታውን ያለ ቶርክ ቁልፍ እንዳታጠብቀው። የቆመው ስታድ ቡሎን 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው 31 ኒውተን ሜትር፣ 8 ከሆነ 25 ነው፤ ቅደም ተከተሉን ጠብቀህ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር። ክንድህን ካመንክ ማግኒዥየሙ ውስጥ ያለው ጥርስ ይነቀልብሃል።

ሌላው የሚያሳዝነኝ ነገር የላሜራዎቹ ጉዳይ ነው። ሞተሩን የሚሸፍኑትን ላሜራዎችና ዙሪያውን የሚዘጋውን ጎማ ብዙ ሰው አውጥቶ ይጥላቸዋል፣ ያስቸግራሉ እያለ። ይህ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ ያሉት አየርና 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ናቸው። ላሜራዎቹ ቀዝቃዛውን አየር ወደ ሲሊንደሩ ይመሩታል፣ ጎማውም የሞቀው ተመልሶ እንዳይገባ ይከለክላል። አንዷም ብትጎድል ፈልገህ ግጠማት፤ ለሚያብረቀርቅ ጌጥ ከምታወጣው ገንዘብ በፊት ለዚህ አውጣው።

ከመነሳቱ በፊት ካንዴላዎቹን አውጥተህ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ አዙረው። አዲስ ካምሻፍት ከገጠምክ እንደተነሳ ሚኒሞ ላይ አትተወው። በደቂቃ 2000 ዙር አካባቢ ለ20 ደቂቃ ያህል ይሥራ፤ የካምሻፍቱ ፊት የሚላመደው በነዚያ ደቂቃዎች ነው። ከዚያ ዘይቱን ቀይር፣ የቫልቭ ክፍተቱንም እንደገና አስተካክል። የፋብሪካው ሞተር ወንፊት እንጂ እውነተኛ የዘይት ፊልተር የለውምና ዘይት መቀየርን አታስረዝም።

ጥያቄ፦ አሮጌ ባለ 4 ሲሊንደር ካርቡሬተር ፒክአፕ አለችኝ። ሞተሯ ደህና ነው። ዳሽቦርዷ ግን ተሰነጣጥቋል። የቤንዚንና የሙቀት መለኪያው አንዳንዴ አብረው ሽቅብ ይወጣሉ፣ አንዳንዴ ደህና ናቸው። ዙር መለኪያ፣ የዘይት ግፊት መለኪያ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ትልቅ ስክሪን እንዲኖራት እፈልጋለሁ። መብራቶቹንም ወደ ኤልኢዲ መቀየር አስቤያለሁ። ባለቤቴ ፊቱን ቆርጠን በአዲስ እንተካው ይላል። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽን አክብሬ፣ መቁረጡን ግን ለጊዜው ይተወው። የተቆረጠ ኦሪጅናል ዳሽቦርድ አይመለስም። የምትፈልጊውን ሁሉ ሳይቆረጥ ከሥሩ ወይም ከላዩ በሚታሰር ተጨማሪ ሳጥን ማስገባት ይቻላል።

መጀመሪያ ያለውን ችግር እንፍታ። ሁለቱ መለኪያዎች አብረው መውጣታቸው ትልቅ ፍንጭ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ ብዙ መኪኖች የቤንዚኑንና የሙቀቱን መለኪያ በቀጥታ በ12 ቮልት አያሠሯቸውም። ከመለኪያዎቹ ጀርባ ቮልቱን ዝቅ አድርጎ የሚይዝ ትንሽ ሬጉላተር አለ። እሱ ሲበላሽ፣ ወይም ማሳው (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው ኔጋቲቭ ሽቦ) ሲላላ፣ ሙሉው ቮልት ያልፍና ሁለቱም አብረው ይዘላሉ። አንዱ ብቻ ቢያስቸግር ኖሮ ጥፋቱ ታንከሩ ውስጥ ወይም ሞተሩ ላይ ያለው ሰንሰር ነው እልሽ ነበር። ስለዚህ መለኪያ አትግዢ። የዳሽቦርዱን ማሳ ፈትተሽ ዝገቱን ፍቂው፣ አጥብቂው፤ ካልተስተካከለ ሬጉላተሩን ቀይሪ። ቶሎ አድርጊው፣ ሙሉ ቮልት የሚደርሰው መለኪያ ውሎ አድሮ ይቃጠላል።

አዲስ መለኪያ ስትገዢ ከሰንሰሩ ጋር አብሮ ይሁን። ከ10 እስከ 180 ኦም የሚሠራ አለ፣ ከ240 ወደ 33 ኦም የሚወርድ አለ። የአንዱን መለኪያ ከሌላው ሰንሰር ጋር ካገናኘሽው ያለምንም ምልክት ይዋሻል። ውሸታም መለኪያ ደግሞ ካለመኖሩ የባሰ ነው፤ አምነሽው ትነጂያለሽ። የዘይት ግፊቱን በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ምረጪ። በቀጭን ቱቦ የሚሠራው ትክክለኛ ነው፣ ግን ቱቦው ቢሰበር የጋለ ዘይት እግርሽ ላይ ይፈሳል። የድሮውንም የዘይት መብራት አታውጪው፤ በቲ መገናኛ ሁለቱንም ማኖር ይቻላል። ዓይን መለኪያውን ሁልጊዜ አያይም፣ መብራት ግን ራሱ ይጠራል።

ለባትሪው አምፔር መለኪያ ሳይሆን ቮልት መለኪያ ይሁንልሽ። አምፔር መለኪያ የቻርጁን ጅረት በሙሉ በዳሽቦርዱ ውስጥ ያሳልፋል፤ አንድ ሽቦ ቢላጥ እሳት ነው። ቮልት መለኪያው ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 አካባቢ፣ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ካነበበ ደህና ነሽ። የዙር መለኪያው ሽቦ ከኮይሉ ኔጋቲቭ ጋር ይያያዛል፤ ጀርባው ላይ ሲሊንደር መምረጫ ካለው 4 ላይ አድርጊው።

ስለ ኤልኢዲ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የመለኪያ ማብሪያዎቹን ቀይሪያቸው፣ ምንም አይደለም፤ ካልበራ ገልብጠሽ አስገቢው። የቻርጅ መብራቱን ግን እንዳትነኪው። በብዙ የቆዩ መኪኖች ላይ ኦልተርኔተሩ ሥራ የሚጀምረው በዚያች ትንሽ አምፖል ውስጥ በሚያልፈው ጅረት ነው። ኤልኢዲ ያን ያህል ጅረት አያሳልፍም፤ አምፖሉን ከቀየርሽ በኋላ ባትሪው ቻርጅ ማድረግ ያቆማል፣ ሰውም ኦልተርኔተር ሊቀይር ይሄዳል።

ስክሪኑና ቻርጀሩ የራሳቸው ሽቦ፣ የራሳቸው ፊውዝ ይኑራቸው። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን፤ ዳሽቦርዱ ሥር ብቻ ከሆነ ከባትሪው እስከዚያ ያለው ሽቦ ያለ ጠባቂ ቀረ ማለት ነው። በቁልፍ በሚበራ ሬሌ አድርጊው፣ ካልሆነ ጠዋት ባትሪሽ ሞቶ ታገኚዋለሽ። ሽቦ በላሜራ ቀዳዳ የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ጎማ ይግባበት።

ስለ መልኩ ደግሞ፣ ሁሉንም ነገር መጀመሪያ በካርቶን ሥሪው። ካርቶኑን በቴፕ ለጥፊ፣ ወንበርሽ ላይ ተቀመጪ፣ መሪውን ያዢ፣ ማታም ቀንም እዪው። መሪው የሚጋርደው መለኪያ እንዳይኖር ነው። ስክሪኑ ከመንገዱ ብዙ ዓይን የማያነሳበት ቦታ ይሁን፤ እውነቱን ለመናገር በዚህ መኪና ላይ ትንሽ ስክሪን ይበቃል፣ ትልቁ መለኪያዎቹን ይበላቸዋል። ስንጥቁን የሚለጠጥ መሙያ ሙዪውና አሸዋ ወረቀት አሽተሽ በቪኒል አልብሺው። የሚያብረቀርቅ ልባስ ግን አትምረጪ፣ ፀሐይ ሲመታው የፊት መስታወቱ ላይ ይንጸባረቃል። መስታወቱን ከጉም የሚያጠራው የአየር መውጫም እንዳይሸፈን።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ከቀየርሽ የድሮውን ቁጥር ጽፈሽ ከመኪናው ሰነድ ጋር አኑሪው። ነገ መኪናዋን ከአንቺ የሚገዛ ሰው እውነተኛውን ማወቅ አለበት።

ጥያቄ፦ ሞተሬን አሳድሼ 300 ኪሎ ሜትር ነድቼዋለሁ። ዘይት ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል። ልጄ መካኒኩ አታሎሃል ይለኛል። ልጠይቀው ወይስ ልጠብቅ?

መልስ፦ አባቴ፣ ትንሽ ይጠብቁ። አዲስ ፋሻ ከሲሊንደሩ ጋር እስኪላመድ ዘይት መቀነሱ ያለ ነው። የሚላመደው ግን በጭነት ነው፣ ቆሞ ሚኒሞ ላይ በመሥራት አይደለም። ለረጅም ሰዓት ቆሞ ከሠራ የሲሊንደሩ ግድግዳ እንደ መስታወት ይለሰልስና ፋሻው መቼም አይይዝም። ስለዚህ አውጥተው ይንዱት። መካከለኛ ፍጥነት ላይ ሆነው ነዳጅ ጨመር አድርገው ይስጡት፣ መልሰው ይልቀቁት፣ ይደጋግሙት። በአንድ ፍጥነት ብቻ አይንዱ፣ ከአቅሙ በላይም አይጫኑት።

እስከዚያው ሜዳ ቦታ ላይ፣ ሞተሩ በርዶ ዘይቱን ይለኩና ከኪሎ ሜትሩ ጋር በደብተር ይጻፉ። ከ1000 እስከ 1500 ኪሎ ሜትር ድረስ የሚጎድለው ዘይት መጠን እያነሰ የሚሄድ ከሆነ ምንም የለበትም። ካላነሰ፣ ወይም ቁልቁለት ወርደው ነዳጅ ሲሰጡት ቡፍ ብሎ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ፣ የቫልቭ ዘይት ማገጃ ጎማዎቹ ተቀይረው እንደሆነ መካኒኩን ይጠይቁት። ደብተሩን ይዘው ይሂዱ።